ምርኩዝ የሌለው ዱካ

«ዛሬ ትወጋለች አልኩ... አበቃ!»

«አራተኛ መርፌ? ኻሚስ፣ እናትህን ወንፊት ልታደርጋት ነው?»

«አንቺ ደግሞ እግር አንሺ፣ እግር ጣይ እያልሽ ወታደር ልታደርጊያት ነው?»

ወንድምና እህት ናቸው... ኻሚስና ኢኽላስ።

የሚጨቃጨቁት ባምባሲ አጠገብ፣ እናታቸው እማማ ጣሂራ ግቢ ውስጥ ነው። በጠራራ ቀትር።

ጊዜው ክልሉ አዲስ የተመሠረተበት ሰሞን ነው። ኻሚስ አሶሳ አዲስ በተከፈተ ቢሮ ሥራ ይዟል፤ የቢሮው መኪናም ከነሾፌሯ ደጅ ቆማለች።

እማማ ጣሂራ ቤት ውስጥ የተኙ መስሏቸዋል።

የእማማ ጣሂራ ጉልበት ካስቸገራቸው ቆይቷል። «አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ልስልስ ነገር እያለቀ ነው» ብሏል የአሶሳው ሐኪም አበጀ።

የመጀመሪያው መርፌ ተአምር ነበር... ሁለት ወር ሙሉ በእግራቸው ገበያ ሄዱ።

ሁለተኛው አንድ ወር ያዘ።

ሦስተኛው... አሥራ አምስት ቀን።

ያኔ አበጀ እንዲህ አላቸው፦ «እማማ፣ መርፌው ሕመሙን ያስተኛዋል። ጉልበትዎን የሚደግፈው ግን የጭን ጡንቻ ነው። እሱን መርፌ አያጠነክረውም። እንቅስቃሴ ላሳይዎት።»

አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰረ። «እግርዎን ያንሱ... እስከ አሥር ይቁጠሩ... ያውርዱ።»

ኻሚስ በሰው ፊት ሳቀ። «እማ! በዚህ ዕድሜሽ ስፖርተኛ ልትሆኚ?»

እማማ ጣሂራ አቀረቀሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ከረጢት ያያት የለም... ሦስት ወር ሆነ።

አሁን ኻሚስ ቆርጧል። «መርፌው ካልያዘ ቤቱን ዘግቼ አሶሳ እወስዳታለሁ። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይኖርም!»

ይሄኔ ጎረቤታቸው አሰፋሽ እየሮጠች ገባች። ከወሎ በሰፈራ የመጣች ሴት ናት፤ በትንሽ በትልቁ አትደነግጥም። ዛሬ ግን ከንፈሯ ደርቋል።

«ኑ... ኑ እዩ... ዛሬም ሄዷል!»

«ማን?»

«አባታችሁ።»

ኢኽላስ ደነገጠች። «አሰፋሽ... አባታችን ከሞተ እኮ ዓመቱ ነው።»

«እኔስ መች ጠፋኝ? ቀብሩ ላይ ነበርኩ! ወር ሙሉ ዱካውን እያየሁ ነው... ሰዉ ጋኔን ነው ይላል... በቀትር ይወጣል።»

ማንጎው ሥር ወሰደቻቸው።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቀዩን አፈር አለስልሶታል።

የእማማ ጣሂራ ምርኩዝ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል... ብቻውን።

ከምርኩዙ ወዲያ ዱካ አለ። ባዶ እግር... ቀጥ ያለ፣ እኩል እኩል የተራመደ... ወደ ምንጩ የሚወርድ።

ኻሚስ አጎነበሰ። «የእማ አይደለም። የእማ ቀኝ እግር ይጎተታል። ይሄ አይጎተትም።»

«ምርኩዟ እዚህ ከሆነ...» አለች ኢኽላስ፤ ሳትጨርስ ወደ ቤቱ ሮጠች።

ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምንጣፉ ባዶ ነው።»

«ወሰዳት!» አለች አሰፋሽ። «ወሰዳት በሉኝ! እኔ ከዚህ አላልፍም።»

ኻሚስ ምርኩዙን አንስቶ ዱካውን ተከተለ። ኢኽላስ እጅጌውን ይዛ ከኋላ...

ወፍ እንኳ ድምፅ የለውም። ነፋስ የለም። ቀርከሃው ግን ሲጥ... ሲጥ... ይላል።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ዱካው ወደ ቀርከሃው ውስጥ ገባ።

ከውስጥ ድምፅ ተሰማ። ዝቅ ያለ... የሚያቃስት...

«ሰብዓ... ተማንያ... ቲስዓ...»

የኻሚስ ፀጉር ቆመ።

አባታቸው በሕይወት ሳሉ ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው እዚያው ቀርከሃው ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር... እንዲሁ በዓረብኛ እየቆጠሩ።

«ቢስሚላህ...» ብሎ ቀርከሃውን በምርኩዙ ገለጥ አደረገ።

«ዓሸራ» አለ ድምፁ... አሥር።

እማማ ጣሂራ ነበሩ!

አባታቸው ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እግራቸው ተዘርግቷል። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ... ያቺ የአሸዋ ከረጢት።



«እማ...» አለ ኻሚስ። «ለምን ተደበቅሽ?»

«ስትስቅ ሰምቼህ ነበር።»

«አሰፋሽ እኮ ጋኔን ነው ብላ ልትሞት ነው!»

«ወላሂ፣ ጋኔን ነው ሲሉ ደስ አለኝ። ማንም ሊያየኝ አልመጣም።»

ኢኽላስ አለቀሰች። «እማ... እኔስ? እኔ ስላንቺ ነበር እኮ የምሟገተው!»

«ስለ እኔ ተሟገትሽ። እየሠራሁ እንደሆነ ግን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»



«አሁንስ ድኗል?» አለ ኻሚስ።

«አሁንም ያመኛል» አሉ እማማ ጣሂራ ከረጢቷን እየፈቱ። «ግን ይሸከመኛል።»

ከላይ፣ ከደጅ፣ መኪናዋ ጡሩምባ ነፋች። ሾፌሩ ቸኩሏል።

ኻሚስ አንገቱን ደፍቶ ምርኩዙን ዘረጋላቸው።

እማማ ጣሂራ ምርኩዙን አዩት። ልጃቸውን አዩት።

ተነሡ። ሳይቀበሉት አልፈውት ዳገቱን ጀመሩ... ቀስ ብለው፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ ቤታቸው።

ምርኩዙ ኻሚስ እጅ ላይ ቀረ።

...

ይህ ታሪክ መርፌ መጥፎ ነው አይልም። የመጀመሪያው መርፌ እኮ እማማ ጣሂራን ገበያ አድርሷቸዋል። ምን እንደሚበጅ ደግሞ ሐኪም ያውቃል።

ትምህርቱ ሌላ ነው... ስለምንወደው ሰው ስንጨቃጨቅ፣ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ እንረሳለን። እሱ ደግሞ ከእኛ ተደብቆ ይበረታል።

እኔ እናቴን «ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ እጠይቃታለሁ።

እናንተስ... ሳትጠይቁ የወሰናችሁለት ሰው አለ? ማን ነው? እዚህ ሥር ጻፉልኝ... አነባለሁ።