የአሳማው ሆድ

ሮሎፍ መዶሻውን አነሣ። እሱና ጎረቤቱ ዊብከ፣ ሸክላ ሠሪዎች በእጃቸው የሠሯቸውን የሳንቲም ማጠራቀሚያ አሳማዎች ሲሰበስቡ ያረጁ ተፎካካሪዎች ነበሩ። "ይሄ አዲሱ አሳማሽ የፋብሪካ ነው፤ ሸውደውሻል! እንስበረውና ሆዱን እንየው።"

"እጅህን ሰብስብ፣ አንተ ጨካኝ!" ዊብከ የሹራብ መሥሪያ መርፌዋን በአሳማው ጀርባ ባለው የሳንቲም ቀዳዳ አስገብታ የውስጡን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ጫረችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ድምፁን ያወጣው፣ ጭቃው በሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር ላይ ሲሽከረከር የሸክላ ሠሪው ጣት የተወው ሽንትር ነበር፤ የፋብሪካ ሸክላ ውስጡ ልሙጥ ነው።

ሮሎፍ ጆሮውን አሳማው ላይ ለጥፎ "እስቲ ድገሚው" አላት። ደገመችው። መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"መርፌዋን አውሺኝ።"

"ለምንህ?"

"ቤት ላለው ለትልቁ አሳማዬ። ሠላሳ ዓመት ስኮራበት ሆዱን ጠይቄው አላውቅም።"