የዋንጫው ዕለት

የኮሌጆቹ የዋንጫ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መሣሪያ የያዙ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች አምስት ኪሎ ካለው ሜዳ ዳር ቆሙ። ተከላካዩ አጥናፉ ዓይናቸውን ተከትሎ ሲያይ፣ የመጡት የእሪ በከንቱ ሰፈር አብሮ አደጉን፣ የተቃራኒውን ቡድን አጥቂ ፍቅሬን ሊወስዱ መሰለው። ሆስፒታል ከገባ ይተርፋል ብሎ ኳሷን ትቶ ቅልጥሙን ረገጠው። አጥንቱ ቀጭ አለ።

«አንተ አውሬ፣ ምን በደልኩህ?» አለ ፍቅሬ ሣሩን እየነጨ።

«ዝም በል! ሊወስዱህ መጥተዋል።»

ፍቅሬን በቃሬዛ አነሱት። ጠባቂዎቹ ግን እሱን አልፈው ወደ አጥናፉ መጡ። «አጥናፉ አንተ ነህ?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ጥርሱን በሰደፍ አረገፉት። መሬት ላይ ጥለውም ይረግጡት ጀመር።

ያን ጊዜ ፍቅሬ የተሰበረ እግሩን እየጎተተ ከቃሬዛው ወረደ። «ልቀቁት! አጥናፉ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

አለቃቸው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየ።

«ሁለቱንም ጫኑ» አለ።