የድረ ገጼ አዲስ ቤት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአዲሱ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ኩባንያ ቢሮ የነበርነው እኔና ቴክኒሺያኑ ናሆም ብቻ ነን። ተረት የምጽፍበትን ድረ ገጽ ከአሮጌው ኩባንያ እያዛወረልኝ ነበር።

«ለመሆኑ የሚያነበው ሰው አለ?» አለኝ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«እንጃ። በሦስት ዓመት አንድም ሰው አስተያየት ጽፎልኝ አያውቅም። ዛሬ እናንተ ጋ እንደምዛወር፣ ቢሮው የት እንደሆነ ጭምር ለጥፌ ነበር፤ ዝም ነው። እዚህም አንባቢ ካላገኘሁ እዘጋዋለሁ።»

ዝውውሩ እንዳለቀ በሩ ተንኳኳ። ድፎ ዳቦ የታቀፉ አንዲት እናት አራት ሰዎች አስከትለው ገቡ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም።

«ቤት ለእንቦሳ» አሉ። «ተረቱን ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ነው የምናነበው። ዛሬ እንደሚዛወር ስናይ ሳንመጣ መቅረት ከበደን። ጸሐፊው የትኛው ነው?»

ናሆም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ድንገት አፍሬ ወደ ናሆም ጠቆምኩ።

«እንቦሳ እሰሩ» አለ ናሆም ግራ ገብቶት።

እናትየዋ ግንባሩን ሳሙትና ወደ እኔ ዞር አሉ። «አንተስ ልጄ፣ ታነበዋለህ?»

«አልፎ አልፎ» አልኩ።

ናሆም ዳቦውን ቆረሰ፤ ለእኔም ደረሰኝ።