የተጠናው ቃል

አባትየው በፍቺው ሴት ልጁን እንዳይነጠቅ ፈርቶ፣ ወደ ቀጠራት ሴት ጠበቃ ቢሮ ሲሄዱ መኪና ውስጥ አስጠናት፦ «እማዬ ክንዴን በካውያ አቃጠለችኝ። ከደረጃም ገፈተረችኝ።» እናትየው እንኳን ልታቃጥላት፣ ተቆጥታትም አታውቅም። ልጅቷ ግን እንደ ውሃ ጠጣችው።

ጠበቃዋ ፊት ቀርባ «እማዬ ክንዴን በካውያ አቃጠለችኝ» ስትል፣ አባትየው ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«እስቲ አሳዪኝ፣ የኔ እናት» አለች ጠበቃዋ።

አባትየው «ድኗል እኮ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ጠዋት ሹራቡን ያለበሳት እሱ ራሱ ነው፤ ምንም አልነበረባትም።

«መቼ ነው ያቃጠለችሽ?» አለች ጠበቃዋ ደንግጣ።

«አሁን፣ ስናገር።» ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየችው። «አባዬ፣ የደረጃውንም ልንገራት?»