ድልድዩ ላይ የቆመችው ሴት

ባሏ እስኪሞት ድረስ የግላስጎው ሸክላ ሳህን ፋብሪካ ቀራጺ ነበር። መዳብ ላይ የቀረጸው ስዕል ዛሬም በስስ ወረቀት ይታተማል፤ እሷ በመቀስ ትቆርጠዋለች፣ የሥራ ባልደረባዋ ኤልስፔት በማዶው ክፍል ሳህን ላይ ደፍታ ትለጥፈውና ወረቀቱን በውሃ አጥባ ታነሳዋለች። ሳህኑ ከዚያ ወደ እቶን፣ ከእቶን ወደ መርከብ ነው፤ እሷ ዘንድ አይደርስም።

ስዕሉ ውስጥ ድልድይ ላይ የቆመች ሴት አለች። ቀኝ ጉንጯ ላይ፣ እንደሷው፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ አላት።

«እኔን እኮ ነው የቀረጸው!» ትላታለች ኤልስፔትን ሁልጊዜ። «አንቺንማ ግራ ጉንጭሽን ነው የሳመችሽ።»

ኤልስፔት አንገቷን ትደፋለች።

ዛሬ ኤልስፔት ታማ ቀረችና አለቃው እጥበቱን ለእሷ ሰጣት። ወረቀቱ ተላቆ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ፣ በቀኝ የነበረው ሁሉ ሳህኑ ላይ በግራ ሆኖ ታየ።

የሴትየዋን ጉንጭ በአውራ ጣቷ ፈተገችው። ነጥቧ አልለቀቀችም።