ሞቶ የነበረው ሰውዬ

ሁለት ክፍል ሙሉ አስለቅሰው የቀበሩት የቴሌቪዥን ድራማው አባወራ ሻንጣ እየጎተተ ከች ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን የምትሰፋው ቀሚስ ላይ ሰክታ ብድግ አለች።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ጭራሽ መቀለጃ አደረጉን!»

ስድስት ዓመት የወደደችው ድራማ ዘንድሮ ቅጥ አምባሩ ጠፍቶ ነበር። አሁንም ታግሳ የምታየው ለእናቷ ብላ ነበር፤ እናቷ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ስምንት ወር ሆኗቸው፣ አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

«በቃ እማዬ፣ ሁለተኛ አናየውም!» ብላ ሪሞቱን አነሳች። አውራ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ሲያርፍ፣ ከኋላዋ፣ ከአልጋው በኩል፣ የተኮላተፈ ቁጡ ድምፅ መጣ።

«ሞቶ... አልነበር... እንዴ?»

ክው አለች። ለመዞር እንኳ ፈራች።

«ሞቶ ነበር እማዬ» አለች፣ ሪሞቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ። «ቀብረነው ነበር እኮ!»