መንገዱ ለምን ታጠፈ

አዲሱ የከተማ ፕላን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፕላኑን ያወጣው ሰው አጠገቡ ቆሟል። ምህንድስናን ትቶ ወደዚህ ሙያ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ነዋሪዎች ፊት ሲቆም ግን የመጀመሪያው ነበር።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ።

አቶ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይህ መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ጋ ሲደርስ ለምን ይታጠፋል? ቀጥ ቢል ባዶ ሜዳ ነው። ሲታጠፍ ግን ሕንፃውን ያፈርሰዋል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ፕላኑን ያወጣው ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ለ... ለትራፊክ ፍሰት...»

ኃላፊው ሳያስጨርሱት ማስመሪያ አንሥተው መንገዱን ቀጥ አድርገው አሰመሩት። ሕዝቡ አጨበጨበ።

የዚያ ሕንፃ ምሰሶዎች ብረት እንደጎደላቸው እያወቀ የፈረመው መሐንዲስ እሱ ነበር። ሙያ የቀየረውም ለዚያች እጥፋት ብሎ ነው። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እስር ቤት ታየውና መልሶ ዘጋው።

ሲወጡ አቶ ይርዳው እጁን ጨበጡት።

«እንዳትቀየመኝ ልጄ። የልጅ ልጆቼ መዋለ ሕፃናት ሰኞ እዚያ ሕንፃ ምድር ቤት ሊከፈት ነው።»